ከግጭቱ በኋላ ያሉት ደቂቃዎች

 

ምስጋና ሁሉ ለዓለማት ጌታ ለአላህ ይገባው። ሰላትና ሰላም በነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ)፣ በቤተሰቦቻቸውና በሶሓባዎቻቸው ላይ ይሁን።

የዛሬው ርዕሳችን በኹጥባ ላይ ብዙም አይነሳም። ነገር ግን መኪና የሚነዳ ወይም ቤቱ ድመትና ውሻ ያለው ሁሉ አንድ ቀን ሊገጥመው ይችላል። እየነዳህ ነው። ድመት ድንገት ዘላ መንገድ ገባች፤ ወይም ውሻ በተከፈተ በር ከግቢ ወጥቶ ሮጠ። ፍሬን ያዝክ፣ ግን አልደረሰልህም። ከጎማው ስር የሆነ ድምፅ ሰማህ። በመስታወት ወደ ኋላ ስታይ መሬት ላይ የሚንቀሳቀስ ነገር አለ። ከኋላህ ያሉት መኪናዎች ክላክስ እያደረጉ ነው። ትቆማለህ ወይስ ትሄዳለህ?

«ይህ ደግሞ የዲን ጉዳይ ነው እንዴ?» ትል ይሆናል። አዎ፣ የዲን ጉዳይ ነው። ብዙዎቻችን በጁሙዓ ቀን የምንቀራው ሱረቱል ከህፍ ላይ አላህ ስለነዚያ ወጣቶች ሲነግረን፣ በዋሻው ደጃፍ የፊት እግሮቹን ዘርግቶ የተኛውን ውሻቸውን ሳያነሳ አላለፈም። አላህ በመጽሐፉ ያነሳውን ፍጥረት እኛ «ውሻ ነው፣ ምን አለ» ብለን የምናልፈው ነገር አይደለም።

ሱረቱ ነምል ላይ ያለውን ታሪክም አስታውስ። የሱለይማን (ዐ.ሰ) ሠራዊት ከጂን፣ ከሰውና ከወፍ ተሰባስቦ ይጓዛል። ወደ ጉንዳኖች ሸለቆ ሲደርሱ አንዲት ጉንዳን ጓደኞቿን ወደ መኖሪያችሁ ግቡ፣ ሱለይማንና ሠራዊቱ ሳያውቁ እንዳይሰባብሯችሁ ብላ አስጠነቀቀች። ሱብሓነላህ! ጉንዳኗ ሁለት ነገር ተናግራለች። አንደኛ፣ ትልቁ ትንሹን ሊጨፈልቀው እንደሚችል። ሁለተኛ፣ ይህ ከሆነ ሳያውቁ እንደሚሆን። ሱለይማን (ዐ.ሰ) ሰምተዋት ፈገግ አሉ፤ ከዚያም እጃቸውን ወደ ጌታቸው አንስተው ለተሰጣቸው ጸጋ አመስጋኝ እንዲያደርጋቸውና እሱ የሚወደውን መልካም ሥራ እንዲያሠራቸው ለመኑ።

መኪና ጸጋ ነው። ከእግርህ ስር ያለው ጉልበት ለደካማው ፍጥረት እንደዚያ ሠራዊት ነው። ስለዚህ ዛሬ አንድ ነገር ልንገርህ። ሳታውቅ የደረሰውን አላህ ይቅር ይላል፤ ከደረሰ በኋላ ያለው ግን እያወቅክ የምትመርጠው ነው። የምትጠየቀውም፣ አጅር የምታገኘውም በዚያ ነው።

1. ቀልብህን በሐቅ ጠይቀው

አላህ በሱረቱል አሕዛብ 5ኛው አንቀጽ፣ በስህተት ባደረግነው ነገር ኃጢአት እንደሌለብን፣ ተጠያቂነቱ ልቦቻችን ሆን ብለው ባሰቡት ላይ እንደሆነ ነግሮናል። ኢብኑ ማጃህ በዘገቡት ሐዲስም ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) አላህ ከኡመታቸው ላይ ስህተትን፣ መርሳትንና ተገደው ያደረጉትን እንዳነሳላቸው ተናግረዋል። በልኩ እየነዳህ፣ ዓይንህ መንገድ ላይ ሆኖ፣ ድመቷ ከቆመ መኪና ስር ዘላ ከወጣችብህ ወንጀለኛ አይደለህም። ሸይጧን ለሳምንታት «ነፍሰ ገዳይ» እያለ እንዲያሠቃይህ አትፍቀድለት።

ነገር ግን ሁሉም ግጭት እንዲህ አይደለም። ስልክህን እያየህ ነበር? ሰፈር ውስጥ፣ ልጆችና እንስሳት ባሉበት ጠባብ መንገድ እየበረርክ ነበር? እንቅልፍ እየጣለህ ነበር? እንዲህ ከሆነ ግጭቱን ባታስበውም ቸልተኝነቱ ያንተ ነው። መፍትሔው ተስፋ መቁረጥ ሳይሆን ተውባ ነው። ተውባ ማለት ደግሞ አስተግፊሩላህ ብሎ በዚያው ፍጥነት መንዳት አይደለም። ስልኩ ከእጅ ይውረድ፣ እግር ከነዳጅ ላይ ይነሳ።

ሌላም ነገር አለ። ድመት ገጭቶ የገደለ ሰው መጥፎ ዕድል ይከተለዋል የሚሉ ሰዎች አሉ። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) በገድ ማመንን ውድቅ አድርገዋል። ክፉ ምልክት ፈርተህ ሳይሆን አላህን ፈርተህ ነው መቆም ያለብህ።

2. ቁም

ስለ ድመት ከምናውቃቸው ሐዲሶች ሁሉ የሚያስፈራው ቡኻሪና ሙስሊም የዘገቡት ነው። አንዲት ሴት በድመት ምክንያት ተቀጣች። ምን አድርጋ? አልደበደበቻትም፣ በስለት አልወጋቻትም። ዘጋችባት፤ አላበላቻትም፣ ከምድር ነፍሳት እንድትበላም አልለቀቀቻትም። ድመቷ ሞተች። የሴትዮዋ ጥፋት ነፍስ ያላት ፍጥረት በእጇ ላይ እያለች፣ መርዳት እየቻለች መተዋ ነው።

አሁን አስብ። እግሩ የተሰበረ እንስሳ መንገድ መሀል ተኝቷል። መንቀሳቀስ አይችልም፤ የሚቀጥለው መኪና እየመጣ ነው። ያንን ሁኔታ የሚያውቀው በዚያ ሰዓት አንተ ብቻ ልትሆን ትችላለህ። «ቸኩያለሁ» ማለት እዚህ ቦታ ከባድ ቃል ነው።

ስትቆም ግን በጥበብ ቁም። የሰው ነፍስ ትቀድማለች። ዳር ያዝ፣ ፍሬቻዎቹን ሁሉ አብራ፣ ከኋላ የሚመጣውን ሳታይ በር አትክፈት። አብረውህ ያሉትን ደህና መሆናቸውን እይ። አውራ ጎዳና ላይ ከሆንክና መውረድ ለሕይወትህ የሚያሰጋ ከሆነ አትውረድ፤ ደህና ቦታ ደርሰህ ለትራፊክ ፖሊስ ወይም ለሚመለከተው ደውል። አላህ ነፍሳችንን በገዛ እጃችን ወደ ጥፋት እንዳንጥል አዞናል።

ስልክህን ለመደወል እንጂ ለመቅረጽ አታውጣ። በሥቃይ ላይ ያለ ፍጥረት ለላይክ የሚለጠፍ ነገር አይደለም።

3. በዕውቀት እርዳ

የተጎዳ እንስሳ የገዛ ባለቤቱንም ይነክሳል። ክፋት አይደለም፣ ፍርሃትና ሕመም ነው። በቀስታ፣ ድምፅህን ዝቅ አድርገህ ቅረብ። ጃኬት፣ ጋቢ ወይም ፎጣ ጣል አድርግበትና ጠቅልለህ ያዝ። ውሻ ከሆነና ጠፍጣፋ ነገር ካገኘህ፣ ሰውነቱን ሳታጣምም ተንሸራቶ ላዩ ላይ እንዲተኛ አድርገው። ደም የሚፈስ ከሆነ ንጹሕ ጨርቅ አድርገህ ጫን በል።

ብዙዎቻችን ወዲያው ውሃ ማጠጣት ያምረናል። ለተጠማ እንስሳ ውሃ መስጠት ትልቅ ሰደቃ ነው። በመኪና ለተገጨ እንስሳ ግን የእንስሳት ሐኪሞች ምክር ሐኪም ሳያየው ምግብም ውሃም አለመስጠት ነው፤ ውስጡ ተጎድቶ ሊሆን ይችላል፣ ማደንዘዣም ሊያስፈልገው ይችላል። ተነስታ የሮጠች ድመትም «ዳነች» ማለት አይደለችም። ድመት ስትጎዳ ትደበቃለች። በአካባቢው ያሉትን ቤቶች ሳትጠይቅ አትሂድ።

ከነከሰህ ወይም ከቧጨረህ ቁስሉን ወዲያው በሳሙናና በሚፈስ ውሃ ለ15 ደቂቃ ያህል እጠብና ሳትዘገይ ወደ ጤና ተቋም ሂድ። የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ ከታየ በኋላ የሚድን ሰው የለም ማለት ይቻላል፤ ክትባቱ ግን በጊዜው ከተወሰደ ያድናል።

«ውሻ ከሆነስ? ነጃሳ አይደለም እንዴ?» የሚል ጥያቄ ብዙ ወጣቶች ያነሳሉ። በአገራችን በስፋት በሚታወቀው የሻፊዒይ መዝሀብ የውሻ እርጥበት የነካውን 7 ጊዜ፣ አንዱን በአፈር አድርገን እናጥባለን። ስለዚህ ትታጠባለህ፣ ልብስህን ታጥባለህ፣ ትሰግዳለህ። አለቀ። ነጃሳ የሚታጠብ ነገር ነው። ያ ከጥማት የተነሳ እርጥብ አፈር ሲልስ ያየውን ውሻ ለማጠጣት ጉድጓድ የወረደው ሰው፣ ውሃውን የቀዳው በገዛ ጫማው ነበር፤ በአፉ ነክሶት ነው የወጣው። አላህ ሥራውን ተቀብሎ ማረው። ሶሓባዎች በእንስሳትም አጅር አለን ወይ ብለው ሲጠይቁ፣ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ነፍስ ባለው ሁሉ አጅር እንዳለ ነገሯቸው። ሐዲሱን ቡኻሪና ሙስሊም ዘግበውታል።

4. መዳን የማይችል ከሆነ

ይህ ከባዱ ክፍል ነው። የገጨኸው በግ፣ ፍየል ወይም ዶሮ ከሆነና ነፍሱ ካልወጣ፣ ሱረቱል ማኢዳህ 3ኛው አንቀጽ መንገድ ሰጥቶናል። በምት የሞተ እንስሳ ሐራም ነው፤ በሕይወት ደርሰው በሥርዓቱ ያረዱት ግን ይበላል። በነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ዘመን የከዕብ ኢብኑ ማሊክ አገልጋይ የሆነች ሴት መዲና አጠገብ ሰልዕ በሚባል ተራራ በጎች ስትጠብቅ፣ አንዷ ልትሞት ስትል ድንጋይ ሰብራ በስለቱ አረደቻት፤ ነቢዩም (ሰ.ዐ.ወ) እንዲበሏት ፈቀዱ። ባለቤቱ ካለ ግን ውሳኔው የእሱ ነው፤ አንተም ካሳው አይቀርልህም።

ድመትና ውሻ ሲሆኑ ነገሩ ይለያል። ሥቃዩን ለማሳጠር መግደል ይቻላል ወይስ አይቻልም በሚለው ላይ ዑለማዎች የተለያየ ሀሳብ አላቸው። አንተ መንገድ ዳር ቆመህ የምትወስነው ነገር አይደለም። የእንስሳት ሐኪም ይየው፣ የምታምነውን ዓሊም ጠይቅ። በድንጋይ መምታት ወይም በመኪና ተመልሶ መሄድ ግን «ልገላግለው» በሚል ስም የሚሠራ ጭካኔ ነው። ሙስሊም በዘገቡት ሐዲስ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) አላህ በሁሉም ነገር ላይ ኢሕሳንን እንደደነገገ፣ ስናርድ እንኳ ቢላችንን እንድንስልና እንስሳውን እንድናሳርፈው አዘዋል።

ሞቶ ካገኘኸው መንገድ ላይ አትተወው። ከመንገድ ላይ አስቸጋሪን ነገር ማንሳት ከኢማን ቅርንጫፎች አንዱ ነው። ባለቤቱ ሊያየው በሚችልበት ሁኔታ ዳር አድርገው፤ ባለቤት ከሌለው ብትቀብረው መልካም ነው።

5. የባለቤቱን በር አንኳኳ

ብዙ ሰው የሚሸሸው ከዚህ ነው። እንስሳው ባለቤት ካለው የሰው ሐቅ ተነክቷል። ኃጢአት አለመኖሩና ሐቅ አለመኖሩ ደግሞ የተለያዩ ናቸው። ባታስበውም የሰው ንብረት ካጠፋህ ትተካለህ። በነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ቤት አንዷ ባለቤታቸው በቅናት ስሜት የሌላዋን ሳህን በመታች ጊዜ ሳህኑ ተሰበረ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ስብርባሪውንና ምግቡን በእጃቸው ሰበሰቡ፤ አልጮሁም፣ አላዋረዷትም። ግን ደህናውን ሳህን ወስደው ለባለቤቷ ላኩ፣ የተሰበረውን እዚያው አስቀሩ።

የዓለም ሕግም ይህንን ያውቃል። በ1952 ዓ.ም የወጣው የኢትዮጵያ ፍትሐ ብሔር ሕግ የመኪና ባለቤት ጥፋት ባይኖርበትም እንኳ መኪናው ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ ያደርገዋል። በብሪታንያ የምትኖሩ ደግሞ የ1988ቱን የመንገድ ትራፊክ ሕግ እወቁ። ውሻ፣ ፈረስ፣ ከብት፣ አህያ፣ በቅሎ፣ በግ፣ ፍየል ወይም አሳማ የገጨ አሽከርካሪ መቆም አለበት፤ ስሙንና አድራሻውን ለሚመለከተው ሰው ካልሰጠ በ24 ሰዓት ውስጥ ለፖሊስ ማሳወቅ ግዴታው ነው። በዚህ ዝርዝር ውስጥ ድመት የለችም። ለሙእሚን ግን የድመት ሐዲስ አለው። ፖሊስ ባይጠይቅህ የሚጠይቅህ አለ።

ስለ ካሳው መጠን ካልተስማማችሁ ሽማግሌ ወይም ዓሊም ጣልቃ ይግባ። የውሻ ዋጋ ላይ ዑለማዎች ተለያይተዋል፤ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ከውሻ ሽያጭ የሚገኝን ገንዘብ ስለከለከሉ ሻፊዒዮችና ሐንበሊዮች ለሞተ ውሻ ካሳ የለውም ይላሉ፣ ሐነፊዮች ደግሞ ለጥቅም ለሚያዝ ውሻ አለው ይላሉ። ይህ ልዩነት ግን ከይቅርታ መሸሻ አይሁንህ። ባለቤቱ ሊያሳክመው ከፈለገ ወጪውን ብታግዝ ከአንተ የሚጠበቅ አኽላቅ ነው።

ምን ብለህ ትናገራለህ? አጭርና እውነት ሁን። «አሰላሙ ዐለይኩም። ይቅርታ፣ ከባድ ነገር ይዤ ነው የመጣሁት። ድመታችሁን መኪናዬ ገጭቷታል። ወዲያው ቆሜያለሁ። አሁን ያለችው እዚህ ነው፤ ምን ላግዛችሁ?» ይህን ካልክ በኋላ ዝም በል። ቢቆጡህ ታገስ። «እናንተም በር ዘግታችሁ ብትይዟት» የሚለውን፣ እውነት ቢሆን እንኳ፣ በዚያ ሰዓት አታንሳው። ሰው ከሌለ በወረቀት ላይ ስልክህን ጽፈህ ተው ወይም ለጎረቤት ንገር። ካልነገርካቸው አንድ ሕፃን ለሳምንት ያህል ማታ ማታ ደጅ ወጥቶ የማትመጣ ድመቱን ሲጠራ ይከርማል።

6. እህቴ፣ ድመትሽን ላጣሽው

ይህን የምታነቢው አንቺ የገጨሽው ሳይሆን የተገጨብሽ ልትሆኚ ትችያለሽ። ምናልባት ሰዎች «ለድመት ነው የምታለቅሺው? አላህን ፍሪ» ብለውሽ ይሆናል።

የአነስ (ረ.ዐ) ታናሽ ወንድም አቡ ዑመይር ትንሽ ልጅ ነበር፤ የሚጫወትበት ትንሽ ወፍ ነበረው። ወፉ ሞተበት፣ ልጁም አዘነ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) የኡመቱን ሁሉ ጉዳይ ተሸክመው ሳሉ ሐዘኑን አስተዋሉ፤ በሚያባብል አጠራር ጠርተው ስለ ወፉ ጠየቁት። «ወፍ ነው እኮ» አላሉትም። ድመትን በተመለከተም በዙሪያችን ከሚመላለሱት፣ ከቤቱ ሰዎች መሀል እንደሆነች ተናግረዋል። ከቤትሽ የሚመላለስ ሲጎድል ቤቱ ይጎድላል። ማልቀስሽ የኢማን ድክመት አይደለም። ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን በዪ፤ በአላህ ውሳኔ ላይ የሚያማርር ቃል ብቻ አይውጣሽ።

«በሩን ባልከፍተው ኖሮ» የሚለው ሀሳብ ሌሊት ይመጣብሻል። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) «ቢሆን ኖሮ» የሚለው ቃል የሸይጧንን በር እንደሚከፍት አስጠንቅቀውናል። የሚታረም ነገር ካለ፣ ለምሳሌ የማይዘጋ አጥር፣ ለወደፊቱ አስተካክይ፤ ያለፈውን ግን ለቀደር ስጪ። ገጪው በርሽን አንኳኩቶ ከመጣ ደግሞ አስቢ፤ መሸሽ ይችል ነበር። ሐቅሽን መጠየቅ መብትሽ ነው፣ ይቅር ማለት ግን አላህ ዘንድ ትልቅ ነው። ሸሽቶ ከሄደም ጉዳዩን ለአላህ ስጪ። በቂያማ ቀን ቀንድ የሌላት በግ እንኳ ከባለ ቀንዷ ሐቋ እንደሚወሰድላት ሙስሊም በዘገቡት ሐዲስ ተነግሮናል። እዚያ ቀን የማንም ነገር አይረሳም።

7. ከዚያ በኋላስ?

ወንድሜ፣ የምትችለውን አድርገህም ያ ድምፅ ከጆሮህ አልጠፋ ካለ፣ ቀልብህ ሕያው ነው ማለት ነው። ወደ ሥራ ቀይረው። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ከመጥፎ ሥራ በኋላ መልካሙን አስከትሉ፣ ያብሰዋል ብለው መክረዋል። ከግቢህ ደጃፍ ለሰፈር ድመቶችና ውሾች የውሃ ዕቃ አስቀምጥ። የተጎዳ እንስሳ ለሚያሳክም ሰው አግዝ። ዑመር ኢብኑል ኸጧብ (ረ.ዐ) በኤፍራጥስ ወንዝ ዳር አንዲት ግልገል ጠፍታ ብትሞት አላህ ይጠይቀኛል ብለው ይፈሩ እንደነበር ይወሳል። እሳቸው ያሉት መዲና ነበር። አንተ ግን መሪው እጅህ ላይ ነው።

ዛሬ ከጁሙዓ ሰላት በኋላ ሦስት ነገር አድርግ። መኪናህ ውስጥ አሮጌ ፎጣና ጓንት አስቀምጥ። በአቅራቢያህ ያለውን የእንስሳት ክሊኒክ ስልክ ቁጥር መዝግብ። ጠዋት ሞተር ከማስነሳትህ በፊት፣ በተለይ በብርድ ጊዜ፣ ቦኔቱን መታ መታ አድርግ፤ ድመቶች ሙቀት ፍለጋ እዚያ ይተኛሉ። የመሳፈሪያውን ዱዓ ብለህ፣ ቢስሚላህ ብለህ ንዳ።

አላህ ሆይ! የሰጠኸንን ጉልበት ደካማን የምንጎዳበት አታድርግብን። ሳናውቅ ያጠፋነውን ማረን፣ እያወቅን የተውነውን ሐቅ የምንመልስበት ድፍረት ስጠን። ያዘኑትን አጽናና። አንተ ለፍጥረትህ ሁሉ አዛኝ ነህ፤ እኛንም ከአዛኞቹ አድርገን። አሚን።

ሶለላሁ ዐላ ነቢዪና ሙሐመድ። ወላሁ አዕለም። መንጃ ፈቃድ በቅርቡ ያወጣ ጓደኛ ካላችሁ ይህን አካፍሉት።